የኬብልና የመስመር ከመጠን ያለፈ ጭነት መከላከያ፦ ፊውዝ፣ የጊዜ ሪሌይ፣ የሙቀት ሞዴል ወይስ የሙቀት ልኬት?

በኮንዳክተር ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የከረንቱን ካሬ ተከትሎ ያድጋል። ከረንቱ በ20 በመቶ ሲጨምር ሙቀቱ በ44 በመቶ ይጨምራል፤ በ50 በመቶ ሲጨምር ደግሞ ከእጥፍ ያልፋል። ይህ ሙቀት ግን በቅጽበት አይደርስም። ኮንዳክተሩ፣ ኢንሱሌሽኑ፣ በዙሪያው ያለው አፈር ወይም አየር እየተቀባበሉት ቀስ በቀስ ይከማቻል። ሾርት ሰርኪት በሰከንድ ክፍልፋይ መቆረጥ ሲኖርበት፣ ከመጠን ያለፈ ጭነት ደቂቃዎችን፣ አንዳንዴም ሰዓታትን ይሰጣል። መከላከያ ሲመረጥ የሚጠየቀው ይህ ጊዜ ስንት እንደሆነና በዚያ ጊዜ ውስጥ እርምጃ የሚወስደው ማን እንደሆነ ነው፦ ሪሌዩ (ከረንቱን እየተከታተለ የመቁረጥ ትእዛዝ የሚሰጠው መሣሪያ) ወይስ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ባለሙያ።

መልሱን ለሚቸኩል፦ ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ኬብል በትክክል የተመረጠ ብሬከር (ሰርኪቱን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ይበቃል። ለተቀበረ የመካከለኛ ቮልቴጅ ኬብል የሙቀት ሞዴል (ከከረንቱ ተነሥቶ የኮንዳክተሩን ሙቀት የሚገምት ስሌት) ያለው ሪሌይ ተመርጦ ብሬከሩን እንዲቆርጥ ይደረግ። ለከፍተኛ ቮልቴጅ የአየር ላይ መስመር ያው ሞዴል ይሁን፣ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ይስጥ። ቀጥተኛ የሙቀት ልኬት ዋጋውን የሚመልሰው ዘወትር ወደ ወሰኑ ተጠግቶ በሚሠራ መስመር ላይ ነው።

ከሪሌዩ በፊት የኬብሉ ወሰን

የተሳሳተ የአምፔር አቅም ከተነሡበት ምንም ዓይነት ዘመናዊ ሪሌይ አያድንም። የኤክስኤልፒኢ (ክሮስሊንክድ ፖሊኢቲሊን የሚባል ፕላስቲክ) ኢንሱሌሽን ያለው ኬብል ኮንዳክተሩ በቋሚነት 90 ዲግሪ ሴልሽየስ፣ በሾርት ሰርኪት ጊዜ ደግሞ ለአጭር ጊዜ 250 ዲግሪ ይችላል። ፒቪሲ በቋሚነት 70 ዲግሪ ነው፤ በሾርት ሰርኪት ጊዜ እስከ 300 ካሬ ሚሊሜትር ለሆነ ኮንዳክተር 160፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 140 ዲግሪ። የአየር ላይ መስመር ሁለት ወሰን አለው። አንደኛው ሽቦው ሲግል ረዝሞ ወደ መሬት ስለሚወርድ ከመሬትና ከዛፍ መራቅ ያለበት ርቀት ነው። ሁለተኛው አሉሚኒየሙ ከ90 ዲግሪ ገደማ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ጥንካሬውን እያጣ መሄዱ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው የመጀመሪያው ነው።

በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ያለው አምፔር ሁልጊዜ ከሁኔታ ጋር የተሰጠ ነው። የአይኢሲ (የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) 60502-2 ሠንጠረዦች የተሠሩት ለ20 ዲግሪ አፈር፣ ለ30 ዲግሪ አየር፣ ለ0.8 ሜትር ጥልቀት እና የሙቀት ተቃውሞው 1.5 ኬልቪን ሜትር በዋት ለሆነ አፈር ነው። የእርስዎ አፈር 30 ዲግሪ ከሆነ የኤክስኤልፒኢ ኬብሉን አቅም በ0.93 ያባዙ፤ ይህም (90 − 30) ለ (90 − 20) ተካፍሎ የሚገኘው ውጤት ስኩዌር ሩት ነው። የ400 አምፔር ኬብል 370 አምፔር ሆነ ማለት ነው። የአፈሩ ድርቀት ከዚህም ይከፋል። በከባድ ጭነት የቆየ ኬብል በዙሪያው ያለውን እርጥበት ያባርራል፤ የደረቀ አፈር ሙቀት አያሳልፍም፤ ኬብሉ ይበልጥ ይግላል፤ አፈሩም ይበልጥ ይደርቃል። ስለዚህ ለበጋው የሚወሰደው የደረቀ አፈር ቁጥር ነው።

ከዚያ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉ። ኬብሉ አስፋልት ሥር በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍበት፣ ሌሎች ኬብሎችን የሚያቋርጥበት፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አለ። የመላውን ኬብል አቅም የሚወስነው ከእነዚህ ሁሉ ደካማው ነው፤ አምስት ሜትር ብቻ ቢሆንም።

ለዝቅተኛ ቮልቴጅ፦ ፊውዝ ወይስ ብሬከር

የአይኢሲ 60364-4-43 መስፈርት ሁለት ሁኔታ ያስቀምጣል። መከላከያው ላይ የተጻፈው አምፔር ከጭነቱ ያላነሰ፣ ከኬብሉ አቅም ያልበለጠ ይሁን። በተጨማሪም መከላከያው በርግጠኝነት የሚቆርጥበት ከረንት ከኬብሉ አቅም 1.45 እጥፍ አይለፍ። አነስተኛው የቤት ብሬከር በ1.45 እጥፍ እንዲቆርጥ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ የመጀመሪያው ሁኔታ ከተሟላ ሁለተኛው በራሱ ይሟላል። የጂጂ ፊውዝ (ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውለው ዓይነት) ግን በርግጠኝነት የሚቀልጠው በ1.6 እጥፍ ነው። አቅሙ 100 አምፔር የሆነ ኬብል ላይ 100 አምፔር ፊውዝ ቢገባ 160 አምፔር ድረስ ዝም ሊል ይችላል፤ የሚፈቀደው ግን 145 ነው። 145 ለ1.6 ሲካፈል 90.6 ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ 80 አምፔር ፊውዝ መውረድ ግድ ነው። ኢንዱስትሪያል ብሬከር (በአይኢሲ 60947-2 የተሠራ) በ1.3 እጥፍ ስለሚቆርጥ ከሦስቱ ለኬብሉ የሚበጀው እሱ ነው።

1.45 የሚለው ቁጥር ግን ፈቃድ ተደርጎ እንዳይወሰድ። በ30 ዲግሪ አየር ውስጥ ያለ የፒቪሲ ኬብል በሙሉ አቅሙ የሚጨምረው 40 ዲግሪ ነው። በ1.45 እጥፍ ከረንት ጭማሪው ወደ 84 ዲግሪ ያድጋል፤ ኮንዳክተሩ 114 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። ብሬከሩ ከ1.13 እጥፍ በታች ላለ ትንሽ ትርፍ ጭነት ጨርሶ ላይቆርጥ ይችላል። ትንሽ ግን ዘወትር የሚቆይ ትርፍ ጭነት ካለ መፍትሔው ኬብሉን ማወፈር ነው፤ ብሬከር አይፈታውም።

ለመካከለኛ ቮልቴጅ፦ የጊዜ ሪሌይ ወይስ የሙቀት ሞዴል

ብዙ ፊደር (ከጣቢያ ወጥቶ ደንበኞችን የሚመግብ መስመር) ላይ ከመጠን ያለፈ ጭነት እንዲጠብቅ የሚተወው ተራው ኢንቨርስ ታይም ሪሌይ (ከረንቱ በጨመረ ቁጥር ፈጥኖ የሚቆርጠው፤ በመከላከያ ቁጥሩ ፈንክሽን 51) ነው። ይህ ሪሌይ የተፈጠረው ለሾርት ሰርኪት ነው፤ ለጭነት የማይመችበትን ምክንያት አንድ ስሌት ያሳያል።

240 ካሬ ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ኮንዳክተር ያለው የኤክስኤልፒኢ ኬብል እንውሰድ፤ ለተቀበረበት ሁኔታ 400 አምፔር የተሰላለት፣ አፈሩ 20 ዲግሪ። ሪሌዩን 400 አምፔር ላይ እንዲነሣ አድርገው በአይኢሲ ኖርማል ኢንቨርስ ከርቭ፣ የጊዜ ማባዣውን 1 ላይ ቢያደርጉት፣ በ600 አምፔር በ17 ሰከንድ ይቆርጣል። ኬብሉ ግን ቀደም ሲል 280 አምፔር ይዞ ከነበረ ያንኑ 600 አምፔር ወደ 17 ደቂቃ ይችል ነበር (ስሌቱ ከታች አለ)። ደንበኛ ያለምክንያት ይጨልምበታል። ቅሬታ ሲበዛ ሴቲንጉ ወደ 600 ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ 550 አምፔር ለሳምንት ቢፈስ ሪሌዩ አይነቃነቅም። 550 ለ400 ተካፍሎ ካሬው 1.89 ነው፤ በ70 ዲግሪ ሲባዛ 132፣ የአፈሩ 20 ሲደመር ኮንዳክተሩ 152 ዲግሪ። ኤክስኤልፒኢ ይህን አይቋቋምም። ሁለቱን ጉድለቶች በአንድ ከርቭ ማስታረቅ አይቻልም፤ ሪሌዩ ከአንድ ሰዓት በፊት የነበረውን ጭነት አያስታውስምና።

የሙቀት ሞዴሉ (ፈንክሽን 49) ያስታውሳል። በየቅጽበቱ የከረንቱን ካሬ እየወሰደ የኮንዳክተሩን ሙቀት በመቶኛ ወይም በዲግሪ ያሰላል፤ ጭነት ሲቀንስም መቀዝቀዙን ይቆጥራል። የመቁረጫው ጊዜ እንዲህ ይሰላል፦ የጊዜ ቋሚው ሲባዛ በተፈጥሮ ሎጋሪዝም። በሎጋሪዝሙ ውስጥ ያለው፣ ከአሁኑ ከረንት ካሬ ላይ የቀድሞው ከረንት ካሬ ተቀንሶ፣ ከአሁኑ ከረንት ካሬ ላይ የወሰን ከረንቱ ካሬ ተቀንሶ በሚገኘው ሲካፈል ነው። የጊዜ ቋሚው 50 ደቂቃ፣ ወሰኑ 400፣ አሁን የሚፈሰው 600 አምፔር ከሆነ፦

ከቀዝቃዛ ሁኔታ ሲነሣ፦ 29.4 ደቂቃ
ቀድሞ 280 አምፔር ከነበረ፦ 17.1 ደቂቃ
ቀድሞ 360 አምፔር ከነበረ፦ 7.1 ደቂቃ

ትርፍ ጭነቱ አንድ ነው፤ የሚፈቀደው ጊዜ ግን በአራት እጥፍ ይለያያል። የዚህ መከላከያ ዋጋ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሮቹን ማግኘት

መጀመሪያ የጊዜ ቋሚው። ትርጉሙ ሙቀቱ የመጨረሻ ጭማሪውን 63 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ ነው። አምራቹ ካልሰጠ፣ የአንድ ሰከንድ የሾርት ሰርኪት አቅሙን ለቋሚ አቅሙ አካፍለው ካሬውን ይውሰዱ፤ ውጤቱ በሰከንድ ነው። ለኤክስኤልፒኢ አሉሚኒየም 94 አምፔር፣ ለመዳብ 143 አምፔር በካሬ ሚሊሜትር ይወሰዳል። ለምሳሌያችን 94 × 240 = 22,560 አምፔር፤ ለ400 ሲካፈል 56.4፤ ካሬው 3,181 ሰከንድ፣ ማለትም 53 ደቂቃ። ወደ 50 ዝቅ ማድረግ መልካም ነው።

ይህ ዘዴ አፈሩን አይቆጥርም። አፈሩ ራሱ ለመሞቅ ሰዓታትና ቀናት ይፈጅበታል፤ በዚህ ምክንያት ለረጅም ትርፍ ጭነት ሞዴሉ ከሚገባው ቀድሞ ሊቆርጥ ይችላል። የአፈሩን ረጅም ጊዜ ለመጠቀም ሲባል የጊዜ ቋሚውን ሦስትና አራት ሰዓት ማድረግ ግን አደገኛ ነው፤ ኮንዳክተሩ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚግልበትን ፍጥነት ይደብቃል። የቀኑ ጭነት ወጣ ገባ ከሆነና ተጨማሪ አቅም በእርግጥ ካስፈለገ፣ በአይኢሲ 60853 የሳይክሊክ (በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ጭነትን የሚቆጥር) ስሌት አሠርተው የወሰን ከረንቱን ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ቀጥሎ የወሰን ከረንቱ። አብዛኛው ሪሌይ መነሻ ከረንትና ማባዣ ለየብቻ ይጠይቃል። ማባዣውን 1.1 አድርጎ መሄድ የተለመደ ነው፤ ለኬብል ግን አልመክረውም። የ1.1 ካሬ 1.21 ነው፤ 70 ዲግሪ የነበረው ጭማሪ 84.7 ይሆናል፤ ኮንዳክተሩ በቋሚነት 105 ዲግሪ ገደማ ላይ ቢቀመጥ ሪሌዩ ዝም ይላል ማለት ነው። 1.05 ላይ 97 ዲግሪ ነው። የወሰን ከረንቱ በጥንቃቄ ከተሰላ 1.0 ይበቃል።

ማስጠንቀቂያው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቶኛው የሙቀት እንጂ የከረንት አለመሆኑን በመርሳት ነው። 90 በመቶ ሙቀት ማለት 95 በመቶ ከረንት ነው፤ 80 በመቶ ሙቀት 89 በመቶ ከረንት። ዘወትር 380 አምፔር የሚይዝ የ400 አምፔር ኬብል ላይ ማስጠንቀቂያውን 90 ካደረጉት አላርሙ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ብዙም ሳይቆይ ማንም አያዳምጠውም። በሌላ በኩል ማስጠንቀቂያው ከመቁረጡ በፊት ጭነት ለማዛወር የሚያስችል ጊዜ መስጠት አለበት። ከ280 ወደ 600 አምፔር በተደረገው ዝላይ፣ 90 በመቶ ላይ የሚደረግ ማስጠንቀቂያ ከመቁረጡ አራት ደቂቃ ገደማ ብቻ ይቀድማል። ጭነት የሚያዛውረው ሰው ስልክ ደውሎ ከሆነ ያ አይበቃውም፤ ወደ 80 ዝቅ ያድርጉት።

ሪሌዩ የአካባቢ ሙቀት መለኪያ የሚቀበል ከሆነ ለአየር ላይ መስመር ያገናኙት፤ ለተቀበረ ኬብል ግን በየወቅቱ የሚቀየር ቋሚ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይበቃል። የመለኪያው ሽቦ ቢበጠስ ሪሌዩ የሚወስደው ምትክ ቁጥር ምን እንደሆነ ግን አስቀድመው ይወስኑ፤ የዓመቱ ከፍተኛ ሙቀት ይሁን።

የአየር ላይ መስመር፦ ይቁረጥ ወይስ ያስጠንቅቅ

የአየር ላይ ሽቦ የጊዜ ቋሚ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ነው። አቅሙን ከምንም በላይ የሚወስነው ነፋስ ነው። አቅሙ የሚሰላው በሴኮንድ 0.5 ወይም 0.6 ሜትር ለሆነ ደካማ ነፋስ ነው፤ ከረንት ብቻ የሚያይ ሪሌይ ግን ውጭ ምን እንደሚነፍስ አያውቅም። ጥሩ ነፋስ ባለበት ቀን ያለምክንያት ይቆርጣል።

እርስ በርሱ በተያያዘ ኔትወርክ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ሲቆረጥ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በሰሜን አሜሪካ የሳሚስ–ስታር 345 ኪሎቮልት መስመር የቆረጠው በላዩ ሾርት ስለነበረ አይደለም፤ የዲስታንስ ሪሌዩ (ከቮልቴጅና ከከረንት የብልሽቱን ርቀት የሚገምተው) ሦስተኛ ዞን፣ ማለትም እስከ ሩቅ የሚያየው ክልሉ፣ ከፍተኛውን ጭነትና የወረደውን ቮልቴጅ እንደ ብልሽት ስላየው ነው። ከዚያ በኋላ መስመሮች ተከታትለው ወደቁ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ስዊዘርላንድ ውስጥ የሜትለን–ላቮርጎ መስመር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ በዛፍ ምክንያት ወጣ። ጭነቱ የተዛወረበት የሲልስ–ሶአዛ መስመር ትርፉን ለ15 ደቂቃ ያህል ሊሸከም ይችል ነበር፤ ጭነቱ በበቂ ሁኔታ ሳይቀነስለት በ9 ሰዓት ከ25 እሱም ወጣ። ከደቂቃዎች በኋላ ጣሊያን ከሰርዲኒያ በቀር ጨለመች። እነዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ምርጫው ቀላል እንዳልሆነ ይታያል። በአንደኛው ሪሌይ ያለጊዜው ቆረጠ፤ በሌላኛው ሰው በጊዜው አልደረሰም።

ስለዚህ ለማስተላለፊያ መስመር የምንመርጠው ሞዴሉ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሙቀቱን መቶኛ ብቻ ሳይሆን የቀረውን ደቂቃ ጭምር እንዲልክ ነው። አብዛኛው ዲጂታል ሪሌይ ይህን ያሰላል። "92 በመቶ" ከሚል ማሳያ ይልቅ "6 ደቂቃ ቀርቷል" የሚለው ሰውን ያንቀሳቅሳል። መቁረጥ የግድ ከሆነ፣ መስመሩን ከመቁረጥ በፊት ጭነት የሚቀንስ ወይም ጄኔሬተር የሚያወርድ እርከን ይቅደም። አማራጭ መንገድ የሌለው ነጠላ የስርጭት መስመር ላይ ግን መቁረጡ ሌላውን ስለማይጎዳ ቀጥታ ማስቆረጥ ይቻላል።

መስመሩ በዓመት ብዙ ሰዓት ከወሰኑ አጠገብ የሚሠራ ከሆነ ያኔ ልኬት ይታሰብ፦ ለሽቦ የውጥረት፣ የርግበት ወይም የአየር ሁኔታ መለኪያ፤ ለኬብል አብሮ የተቀበረ የፋይበር ሙቀት መለኪያ። ፋይበሩ ደካማውን ቦታ በሜትር ለይቶ ያሳያል፤ ይህን ሌላ ምንም መሣሪያ አይሰጥም። ከሪሌዩ ጎን ይቆማል እንጂ አይተካውም።

የሚያበላሹ ነገሮች

በመጀመሪያ ሊመረመር የሚገባው የጊዜ ቋሚው መለኪያ ነው። አንዳንዱ ሪሌይ በደቂቃ፣ ሌላው በሰከንድ ይቀበላል። 50 ደቂቃ የታሰበው 50 ሰከንድ ሆኖ ከገባ መከላከያው በ60 እጥፍ ይፈጥናል፤ ምሽት ላይ ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር ፊደሩ ይወጣል።

ሪሌዩ ትክክለኛውን የአርኤምኤስ ከረንት (ሙቀት የሚፈጥረውን ጠቅላላ ከረንት) ይለካ እንደሆነ ያረጋግጡ። የ50 ኸርዙን ከረንት ብቻ የሚያይ ሪሌይ፣ 30 በመቶ ሃርሞኒክ (በ50 ኸርዝ ብዜቶች የሚፈስ ከረንት) ባለበት ቦታ ከሙቀቱ 9 በመቶ ያህሉን አያየውም። ሲቲው (ከረንቱን አሳንሶ ለሪሌዩ የሚያቀርበው ትራንስፎርመር) ደግሞ 10ፒ የትክክለኛነት ክላስ ከሆነ በላዩ በተጻፈው ከረንት እስከ 3 በመቶ ሊሳሳት ይችላል፤ ካሬ ሲሆን 6 በመቶ ሙቀት ነው። 5ፒ ክላስ በ1 በመቶ ይወሰናል፤ ለዚህ ሥራ እሱ ይመረጥ።

በአንድ ብሬከር ሥር ሁለት ትይዩ ኬብሎች ካሉ አቅማቸውን ደምሮ 800 ማለት ስሕተት ነው። ጭነቱ 55 ለ45 ከተከፋፈለ አንደኛው 400 የሚደርሰው ጠቅላላው 727 ሲሆን ነው። አንዱ ኬብል ለጥገና ሲወጣ ሪሌዩ ወደ ሁለተኛ የሴቲንግ ግሩፕ መዞር አለበት፤ ይህ በመመሪያ ካልተጻፈ ይረሳል።

የረዳት ኃይል ሲቋረጥ የሙቀት ትዝታው ይጠፋል ወይስ ይቀመጣል? ከዜሮ የሚጀምር ሪሌይ የጋለን ኬብል እንደ ቀዝቃዛ ያየዋል። መነሻ እሴት የሚቀበል ከሆነ ከዘወትር ጭነቱ ካሬ ጋር የሚቀራረብ ይስጡት፤ ለ70 በመቶ ጭነት 50 በመቶ ማለት ነው።

በፈንክሽን 49 የተቆረጠ ብሬከር በራሱ ተመልሶ እንዳይዘጋ አውቶሪክሎዙ ይታገድ። ከረንት ሳይኖር ከ100 ወደ 80 በመቶ ለመቀዝቀዝ በ50 ደቂቃ የጊዜ ቋሚ 11 ደቂቃ፣ ወደ 60 ለመውረድ 25 ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል። የመልሶ መዝጊያ ፈቃዱን ከ60 እስከ 80 ባለው ውስጥ ያድርጉት፤ ጭነቱ እንደተመለሰ ወዲያው እንዳይቆርጥ ዝቅተኛው ይሻላል።

የሾርት ሰርኪት ከረንትም ሞዴሉን ያሞቀዋል። 8,000 አምፔር ለግማሽ ሰከንድ ቢፈስ በምሳሌያችን ኬብል ላይ 6.7 በመቶ ይጨምራል። ቀድሞ 95 በመቶ ላይ የነበረ ፊደር፣ ሾርቱን ራቅ ብሎ ያለ ፊውዝ ካጠፋው በኋላ፣ በሙቀት ሊወጣ ይችላል። አንዳንድ ሪሌይ በሾርት ጊዜ ስሌቱን ያቆማል፤ አንዳንዱ ይቀጥላል። ለኬብል እንዲቀጥል ቢተው ይሻላል፤ ሙቀቱ እውነት ነውና።

ፍተሻ

ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የሙቀት መቶኛውን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ካልተመለሰ ሁለተኛው ሙከራ ሁልጊዜ ፈጥኖ ይቆርጣል፣ ሪሌዩም ያለጥፋቱ የተበላሸ ይመስላል። ከወሰኑ በእጥፍ የሆነ ከረንት ሲገባ ከቀዝቃዛ ሁኔታ 14.4 ደቂቃ መሆን አለበት (50 × 0.288)። ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የጊዜ ቋሚውን ወደ 1 ደቂቃ ዝቅ አድርጎ መፈተሽ ይቻላል፤ ያኔ 17 ሰከንድ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግን ሴቲንጉን ከሪሌዩ መልሰው አውርደው ከጸደቀው ሰነድ ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ፤ ከሁሉም አስቀድመው የጊዜ ቋሚውን።